ለሁለት ወደ ሰሜን ተራሮች፦ ራስ ምታት ሲመጣ "እንውረድ" የሚለው ማን ነው?



ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ በውስጥ መስመር የሚደርሱኝ ጥያቄዎችም አብረው ይለወጣሉ። "ዶክተር፣ ከእጮኛዬ ጋር ወደ ሰሜን ተራሮች ካምፒንግ ልንወጣ ነው፤ ምን ምን መድኃኒት እንያዝ?" የሚለው ይበዛል። ደስ የሚል ጥያቄ ነው። ግን ከመድኃኒት ቦርሳው በፊት መልስ የሚፈልግ ሌላ ጥያቄ አለ፦ ከሁለታችሁ አንዱ ተራራ ላይ ቢታመም "በቃ እንውረድ" የሚለው ማን ነው?

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። የከፍታ ሕመም የያዘው ሰው ብዙ ጊዜ "ደህና ነኝ" ይላል። ሕመሙ ሲብስ ደግሞ የማመዛዘን አቅሙ ራሱ ይደክማል። ስለዚህ አብሮት ያለው ሰው ዓይን ከየትኛውም መድኃኒት ይበልጣል። ዛሬ ይህንኑ ከራሳችን ጉዞ ጋር አያይዤ እጽፍላችኋለሁ። ስለ ባለቤቴ የምጽፈውን ፈቃዱን ጠይቄ ነው። ረዘም ስለሚል ሴቭ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

📍 መንገዱና ከፍታው

እኔ የምኖረውም የምሠራውም ጎንደር ነው። ባለቤቴ ሥራው ሠመራ፣ አፋር ነው። ሠመራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ500 ሜትር በታች ያለች ሞቃት ከተማ ናት። ባለፈው ኅዳር ሁለታችንም የሰባት ቀን ፈቃድ ገጠመንና ከጣና ዳር ጀምረን እስከ ቧሂት ተራራ ድረስ በመኪና እና በእግር ለመጓዝ ተነሣን። ድንኳን ይዘናል፣ ስሊፒንግ ባግ ይዘናል፣ ምጣድ ብቻ ነው የቀረን።

የጉዞውን ፕላን ያወጣሁት ግን የሚያምረውን ቦታ ሳይሆን የምንተኛበትን ከፍታ እያየሁ ነው። ቁጥሮቹ በግምት እነዚህ ናቸው፦

👉 ጎርጎራ (ጣና ዳር)፦ 1,800 ሜትር
👉 ጎንደር ከተማ፦ 2,100 ሜትር
👉 ደባርቅ፦ 2,850 ሜትር
👉 ሳንቃበር ካምፕ፦ 3,250 ሜትር
👉 ግጭ ካምፕ፦ 3,600 ሜትር
👉 ጨነቅ ካምፕ፦ 3,620 ሜትር
👉 ቧሂት ጫፍ፦ 4,430 ሜትር
👉 ራስ ዳሽን፦ ከ4,500 ሜትር በላይ

ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት ጎንደር ቁርስ በልቶ፣ ደባርቅ የፓርኩን ትኬት ቆርጦ፣ ስካውት ይዞ፣ ማታ ጨነቅ ድንኳን መትከል ይቻላል። ብዙ ሰው የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። ችግሩ በአንድ ቀን የመኝታችሁን ከፍታ በ1,500 ሜትር ጨመራችሁ ማለት ነው። የሕክምና ምክሩ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ በኋላ የምትተኙበትን ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ እንዳትጨምሩ ነው። ቀን ወጣ ብሎ ማታ ወርዶ መተኛት ምንም አይደለም፤ የሚቆጠረው የመኝታው ነው።

ስለዚህ እኛ አንድ ሌሊት ጎንደር፣ አንድ ጎርጎራ፣ አንድ ደባርቅ፣ አንድ ሳንቃበር፣ አንድ ጨነቅ ብለን ከፋፈልነው። በስድስተኛው ቀን ቧሂት ልንወጣ።

💧 መጀመሪያ ሐይቁ

ጎርጎራ ሲደርሱ የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ዘሎ ጣና ውስጥ መግባት ነው። እባካችሁ ቆም በሉ። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ። ጥገኛ ትሉ በውኃ ውስጥ ባሉ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ያድግና ወደ ውኃው ይለቀቃል፤ ከዚያ በቆዳ በኩል ይገባል። ቁስል አያስፈልገውም፣ ውኃውን መጠጣትም አያስፈልግም። ጥልቀት የሌለውና ሣር ያለበት ዳርቻ ደግሞ ዋናው መኖሪያው ነው።

ገብታችሁ ከነበረ አትደንግጡ። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይታችሁ የሰገራ ምርመራ አድርጉ። ፕራዚኳንቴል የሚባል በደንብ የሚሠራ መድኃኒት አለው። ከመመርመራችሁ በፊት ትኩሳት፣ ሳል፣ የሆድ ሕመም ወይም ደም የቀላቀለ ሰገራ ካያችሁ ግን ሳምንቱን አትጠብቁ።

ሁለተኛው ወባ ነው። ደባርቅና ከዚያ በላይ ብርዱ ለወባ ትንኝ አይመችም፤ የጣና ዙሪያ ሜዳ ግን ወባ ያለበት ነው። ከክረምት ማግስት ያሉት ወራት ደግሞ የሚበዛበት ወቅት ነው። አጎበር ያዙ፣ ማታ ማታ እጅጌ ያለው ልብስ ልበሱ። ከጉዞው ከተመለሳችሁ ከሳምንት ወይም ከወር በኋላ ትኩሳት ቢመጣ "ብርድ መትቶኝ ነው" ሳትሉ በዚያው ቀን ደም ተመርመሩ። ለሐኪሙም ጣና ዳር እንዳደራችሁ ንገሩት።

⛰️ ከፍታ ሰውነት ላይ ምን ያደርጋል?

ተራራ ላይ ኦክስጅን "አልቆ" አይደለም። ጨነቅ ላይም ሆነ ጅቡቲ ወደብ ላይ አየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን 21 በመቶ ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። በ3,600 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ከምታገኙት ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ሰውነት ይህንን ለማካካስ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ኩላሊትም የበኩሉን ያስተካክላል። ግን ቀናት ይፈልጋል።

ጊዜ ካልተሰጠው የከፍታ ሕመም ይመጣል። ዋናው ምልክት ራስ ምታት ነው። ከእሱ ጋር ከነዚህ አንዱ ሲጨመር ጥርጣሬው ይጠነክራል፦ ማቅለሽለሽ ወይም ማስመለስ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ከልክ ያለፈ ድካም፣ ማዞር። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው እንደደረሳችሁ ሳይሆን ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ ነው። ቀን ፎቶ ስትነሡ ደህና ነበራችሁ፣ ማታ ነው የሚመጣው።

"ወጣት ነኝ፣ ጂም እሠራለሁ" የሚል ካለ፣ ጡንቻ ከዚህ ሕመም አያድንም። እንዲያውም ጉልበተኛው በፍጥነት ስለሚወጣ ቀድሞ ሊታመም ይችላል።

"እኛ ደገኞች ነን፣ አይነካንም" የሚለውስ? እዚህ ላይ ደስ የሚል እውነት አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ ጥናት በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምሮ ነበር። የደማቸው የኦክስጅን መጠን በአማካይ 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኘ፤ ሄሞግሎቢናቸውም ዝቅተኛ ቦታ ከሚኖር ሰው ብዙም አይለይም። ደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራራ ላይ የሚኖሩ ሰዎች በተመሳሳይ ከፍታ ደማቸው ይወፍራል፤ የእኛዎቹ እንደዚያ አልሆኑም። ግን ልብ በሉ፦ ጥናቱ የተሠራው እዚያው ተወልደው እዚያው በሚኖሩት ላይ ነው። ሐዋሳ፣ ሠመራ፣ ድሬዳዋ ወይም ዋሽንግተን የሚኖር ሰው አያቱ ከጃናሞራ ስለሆኑ ብቻ ሰውነቱ ለከፍታው ተዘጋጅቶ አይጠብቀውም። የአዲስ አበባና የጎንደር ነዋሪ ትንሽ ይሻላል እንጂ እሱም ነፃ አይደለም።

🏕️ ጨነቅ ላይ የሆነው

ሳንቃበር ያለችግር አደርን። በማግስቱ መንገድ ላይ ጭላዳዎቹ በመንጋ ሣር ሲነጩ አየን፤ ባለቤቴ አንድ ሰዓት ሙሉ አልነቀል አለ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። ቅርሱ ለአደጋ የተጋለጠ ነው ተብሎ በ1996 በልዩ መዝገብ ገብቶ በ2017 ነው የወጣው። ዋልያን ቆሞ ማየት የሚቻለው ደግሞ እዚህ ተራራ ላይ ብቻ ነው። በዚያ ቀን አንድ ትልቅ ወንድ ዋልያ ገደሉ ጫፍ ላይ አይተናል።

ከቀኑ 8 ሰዓት ጨነቅ ደረስን። ማታ 1 ሰዓት ላይ ባለቤቴ እራት አልበላም አለ።

"ምን ሆንክ?"

"ኧረ ምንም፤ ትንሽ ራሴን ነው። ቡና ስላልጠጣሁ ይሆናል።"

ቡና አብረን ጠጥተናል። በጣት ላይ የሚደረግ ትንሽ የኦክስጅን መለኪያ ይዤ ነበር፤ የእኔ 91፣ የእሱ 85 አለ። ስካውታችን "እስቲ እኔንም" ብለው ጣታቸውን ሰጡኝ፤ 95። ጋሼ እዚያው ተራራ ላይ የተወለዱ ናቸው፤ ሳቁብን። በነገራችን ላይ በዚያ ከፍታ 85 ብቻውን የሚያስደነግጥ ቁጥር አይደለም። ከቁጥሩ ይልቅ ያሳሰበኝ እራቱ ነው፤ ሲርበው ዝም የማይል ሰው መሆኑን አውቃለሁ።

ፓራሲታሞል ሰጠሁት፣ ውኃ ጠጣ፣ ቀና ብሎ ተኛ። ሌሊት ሁለት ጊዜ አስመለሰው። ሁለቴም አስነሥቼ መሬት ላይ በዘረጋሁት ገመድ አስኬድኩት፦ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው እግር ጣት ጫፍ ጋር እያገናኘ ቀጥ ብሎ መሄድ። አልተንገዳገደም። ስሙን፣ ቀኑን፣ ያለንበትን ቦታ ጠየቅሁት፤ እየተናደደም ቢሆን በትክክል መለሰ። አይሳልም፣ ቁጭ ብሎ ትንፋሽ አያጥረውም። ቢንገዳገድ ኖሮ በዚያው ጨለማ እንወርድ ነበር። ስላልተንገዳገደ በገደል ዳር የሚሄደውን የጠጠር መንገድ በሌሊት ከመንዳት ንጋቱን መጠበቅ መረጥን።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ራስ ምታቱ እንዳለ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ቧሂት ፊት ለፊታችን ነው።

"ወጥተን እንመለስ፤ ስድስት ወር ነው ይህችን ቀን የጠበቅነው" አለኝ።

እዚህ ላይ ሐኪምነቱ አልከበደኝም፤ ሚስትነቱ ነው የከበደኝ። ተራርቀን ነው የምንኖረው፤ በዓመት አብረን የምናገኘው ፈቃድ በጣት የሚቆጠር ነው። ቧሂትን ማየት የፈለግሁት እሱ ብቻ እንዳልሆነም አልደብቃችሁም። ግን ራስ ምታትና ማስመለስ ያለበት ሰው 800 ሜትር ተጨማሪ መውጣት የለበትም። አከራካሪ ነገር የለውም።

ጋሼ ስካውቱ እቃውን ማሰር ጀምረው ነበር። "ልጄ፣ ከግጭ ሰው በበቅሎ ጭነን ያወረድንበት ቀን አለ። አንተ በእግርህ መኪና ውስጥ ትገባለህ" አሉት። ያቺ ንግግር ከእኔ ትምህርት ሁሉ በለጠች። መሪውን እኔ ያዝኩ። መንገድ ላይ አኩርፎ ዝም ብሎ ነበር። ከሰዓት በኋላ ደባርቅ ላይ ሽሮ አዝዞ ጨርሶ በላ፤ ራስ ምታቱም ለቀቀው። መድኃኒቱ የ770 ሜትር ቁልቁለት ነበር።

🚨 ሌሊትም ቢሆን ውረዱ የሚያሰኙ ምልክቶች

ከፍታ ሁለት ከባድ ችግሮችን ያመጣል፤ አንዱ የአንጎል እብጠት፣ ሌላው ሳንባ ውስጥ ፈሳሽ መጠራቀም ነው። ሁለቱም በሰዓታት ውስጥ ይገድላሉ። ከነዚህ አንዱን ካያችሁ ንጋትን አትጠብቁ፦

❗ እንደ ሰከረ ሰው መንገዳገድ፣ ቀጥ ባለ መስመር መሄድ አለመቻል
❗ ግራ መጋባት፣ ንግግር መደነቃቀፍ፣ ያልተለመደ ጠባይ፣ ከእንቅልፍ በቀላሉ አለመንቃት
❗ ቁጭ ብሎ እያረፈ ትንፋሽ ማጠር
❗ የማይቆም ሳል፣ በተለይ አረፋ ወይም ሮዝ አክታ ያለው
❗ ከንፈርና ጥፍር መጥቆር

ቢያንስ ከ300 እስከ 1,000 ሜትር ውረዱ፤ ምልክቱ እስኪሻል አትቁሙ። የታመመውን ሰው ብቻውን አትላኩት፣ መኪናም አታስነዱት። ደባርቅ ሆስፒታል አለ፤ ከዚያ በላይ ካስፈለገ ጎንደር ናችሁ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሳንቃበርና ጨነቅ መኪና ይገባል፤ ግጭ ግን በእግር ወይም በበቅሎ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ የከፍታ ሌሊታችሁን ግጭ አታድርጉት። ኔትወርክም በየቦታው ስለማይኖር "እንደዋወላለን" በሚል ተስፋ አትተማመኑ።

🔥 ከሰል ድንኳን ውስጥ አይገባም!

ሌሊት ላይ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ብርዱ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። እና ሰው ምን ያደርጋል? የማብሰያውን ከሰል "ፍሙ ብቻ ነው፣ አይጨስም" ብሎ ወደ ድንኳን ያስገባል። ጥንዶችን በአንድ ሌሊት አብሮ ሊወስድ የሚችለው አደጋ ይህ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። የድንኳኑን ዚፕ ትንሽ መክፈት አያድንም። የመኪና ሞተር አስነሥቶ መተኛትም እንደዚያው አደገኛ ነው።

የሚያስቸግረው ምልክቱ ከከፍታ ሕመም ጋር መመሳሰሉ ነው፦ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር። እሳት ባለበት ሁለታችሁንም በአንድ ጊዜ ራሳችሁን ካመማችሁ ቀድማችሁ ከሰሉን ጠርጥሩ፤ በሩን ከፍታችሁ ወዲያው ውጡ። የጣት መለኪያውን አትመኑ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደም ውስጥ እያለም "ጥሩ" የሚል ቁጥር ያሳያል።

ለሙቀት ደረቅ ልብስ ቀይሩ፣ ካልሲና ኮፍያ አድርጋችሁ ተኙ፣ ከመሬት የሚለይ ፍራሽ አንጥፉ። የሞቀ ውኃ በፕላስቲክ ዕቃ አጥብቃችሁ ዘግታችሁ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ማስገባትም ይረዳል። አረቄ ግን ያሞቀ ይመስላል እንጂ ሙቀታችሁን ያወጣዋል፤ እንቅልፍ ላይም ትንፋሽን ያዳክማል። የእንቅልፍ ኪኒንም እንዲሁ።

የመጠጥ ውኃም እናንሣ። ጨነቅ ላይ ውኃ የሚፈላው በ88 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያህል ይቆይ።

🩺 ከመነሣታችሁ በፊት ሐኪም ማየት ያለባችሁ

✔️ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም፣ ከባድ የደም ማነስ ወይም ያልተስተካከለ የደም ግፊት ያለባችሁ።
✔️ አስም ያለባችሁ፤ ቀዝቃዛ አየር ሊቀሰቅሰው ስለሚችል የሚነፋው መድኃኒት ከኪሳችሁ አይለይ።
✔️ ኢንሱሊን የምትወስዱ፤ ሌሊት ብርድ ከመታው ይበላሻል፣ ከሰውነታችሁ ጋር አስጠግታችሁ ያዙት።
✔️ እርጉዝ የሆናችሁ ወይም የወር አበባ የቀረባችሁ። አዲስ ተጋቢዎች፣ ከጉዞው በፊት ምርመራ አድርጉ። የወባውም፣ የከፍታውም፣ የመድኃኒቱም ውሳኔ ይለወጣል።
✔️ ቀድሞ የከፍታ ሕመም የያዛችሁ ወይም በፍጥነት ለመውጣት የተገደዳችሁ። አሴታዞላማይድ የሚባል መከላከያ መድኃኒት አለ፤ ሰልፋ አለርጂ ላለበትና ለእርጉዝ ግን ስለማይመች ከጓደኛ ተቀብላችሁ አትዋጡት።

🤝 ሦስት ስምምነቶች፣ ከቤት ሳትወጡ

በእኔ አስተያየት ለጥንዶች ከድንኳኑም ከመድኃኒቱም የሚበልጠው ይህ ነው። ቤት ቁጭ ብላችሁ፣ ሁለታችሁም ደህና በሆናችሁበት ሰዓት ተስማሙ።

1ኛ. ራስ ምታት አይደበቅም። "ጉዞውን አበላሻለሁ" ብሎ ዝም የሚል ሰው ሌላውንም አደጋ ላይ ይጥላል። ጠዋትና ማታ ተጠያየቁ፦ ራስህን ያምሃል? በልተሻል? ተኝተሃል?

2ኛ. የሚወስነው ጤነኛው ነው። "እንውረድ" ከተባለ ክርክሩ ከታች ይደረጋል። ተራራ ላይ አይደረግም። ከታች ስትደርሱ ብትኳረፉም ችግር የለውም።

3ኛ. አንድ ትርፍ ቀን ይኑራችሁ። ትርፍ ቀን የሌለው ፕላን ታማችሁም እንድትወጡ ይገፋፋችኋል። የአውሮፕላን ወይም የሥራ መመለሻችሁን ከተራራው በወረዳችሁበት ማግስት አታድርጉት።

ደግሞም የመንገዱንና የአካባቢውን ሰላም ከመነሣታችሁ በፊት ደባርቅ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት አጣሩ። ስካውታችሁንም አክብሩ፣ አድምጡ፤ ስንት ታማሚ ያዩ ሰዎች ናቸው።

ቧሂትን እስካሁን አልወጣነውም። ለሚቀጥለው ኅዳር ስምንት ቀን ለመጠየቅ አስበናል፤ በዚህኛው ጨነቅ ላይ ሁለት ሌሊት እናድራለን።

ተራራ ልትወጡ ያሰባችሁ ከሆነ ይህንን ጽሑፍ አብሯችሁ ለሚሄደው ሰው ላኩለት፤ እሱም ካላነበበው ስምምነቱ ግማሽ ነው። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ ተራ በተራ እመልሳለሁ።

መልካም ጉዞ፣ ጤና ይብዛላችሁ! 🌿